ሽማግሌው ሞተርና የሳሙናው ቁራጭ

ሰኞ 4

ዛሬ ሽማግሌውን አስነሳሁት። ሽማግሌው የሚባለው የጀልባችን ሞተር ነው። ባለቤቴ ከሞተሩ ጋር ሃያ ስምንት ዓመት ኖሯል፣ ከእኔ ጋር ስድስት። ዋናዋ ሚስት የትኛዋ ናት ብለው ሲያሾፉበት ይስቃል እንጂ አይመልስም።

ከአልጋ ከዋለ ሦስት ወሩ ነው። ልቡ ደክሟል፣ እግሩ ያብጣል፣ ትራስ ደራርቦ ካልተደገፈ ትንፋሽ ያጥረዋል። አልጋውን ወደ መስኮቱ አስጠግቼለታለሁ። ከዚያ ሆኖ ሐይቁንም ጀልባውንም የእኔንም ስህተት ያያል። ጠዋት "ገመዱን በክንድሽ አይደለም፣ በወገብሽ ሳቢው!" ብሎ ሲጮህ ዳር የቆመው ሁሉ ሰማ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ወገቤ መቀመጥ እንጂ መሳብ አያውቅም። ቢሆንም በአራተኛው ተነሳ።

ቀስ ሲል ምንም አይለውም። ከፍ ሳደርገው ግን ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ፣ ሸምበቆው ጋ ስደርስ፣ ሳል ሳል አለውና ጠፋ። ከነዳጅ ታንኩ ወደ ሞተሩ በሚሄደው ቱቦ መሃል ያለችውን የመጭመቂያ ጎማ በእጄ ጨመቅ ጨመቅ ሳደርጋት ነቃ፤ ትንሽ ሄዶ እንደገና ጠፋ። እየቀዘፍኩ ተመለስኩ። ጎረቤታችን የጀልባ ሰው፣ ሲያፏጭ ስለሚውል ፉጨት የምንለው፣ "ምነው እመቤቴ፣ ስፌቱ ተተረተረ?" አለኝ። ቢቸግረኝ ሳቅኩ።

ለምን እንደምለፋ ልጻፍ፣ ለራሴም እንዳይጠፋኝ። ማዶ ልጁ አለች፤ ከሟች ሚስቱ የወለዳት፣ አንድ ለእናቷ። እኔ ወደዚህ ቤት ስገባ "የእናቴ አፈር ሳይደርቅ!" አለች። እሱም ደሙ ፈላና እዚያው መሳፈሪያው ላይ፣ ሰው እየሰማ፣ "ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጪ" አላት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ይኸው ስድስት ዓመት።

አሁን ሄጄ ካላየኋት አልሞትም ይላል። በፉጨት ጀልባ ሂድ ሲባል አይሆንም አለ። "በሯን ማንኳኳት አልችልም፣ አፍራለሁ። የሽማግሌውን ድምፅ ግን ከሩቅ ታውቀዋለች። ከወረደች ወረደች፣ ካልወረደችም ድርሻዬ ነው፣ እመለሳለሁ።"

የወሩ መጨረሻ ላይ ነፋሱ ይጀምራል። ከጀመረ እንኳን በሽተኛ ጤነኛም አይሻገርም። ስለዚህ ያለን ይህ ወር ብቻ ነው።

ማክሰኞ 5

ትናንት አመሻሽ ላይ ጠየቀኝ። "ሲጠፋብሽ ጎማዋን አየሻት? ወጥራ ነበር ወይስ ሆዷ ገብቶ ነበር?"

"ምን ለውጥ አለው?"

"ለውጡማ የሰማይና የምድር ነው! ከወጠረች ነዳጁ እሷ ጋ ደርሷል፣ ጥፋቱ ከእሷ ወዲያ ነው፤ ፖምፓው ወይ ካርቡራተሩ። ሆዷ ከገባ ግን ታንኩ ነዳጅ አልለቅም ብሏል ማለት ነው። ታንክ አየር ካላስገባ ነዳጅ አያወጣም። በወጣትነቴ አንዱ ጅል የታንኩን መተንፈሻ በጨርቅ ወትፎ፣ ሰባት ሰው ጭኖ መሃል ሐይቅ ላይ ቀረ። እንዲህ ያለ ሰው እንኳን ጀልባ ላይ፣ ውሃው ዳርም መቆም የለበትም።" ከዚያ ዞሮ አየኝ። "እና?"

"ወጥራ ነበር" አልኩት።

"ጎበዝ፣ ዓይን አለሽ" አለኝ።

ጎማ ጎማ ነው፤ ማን ልብ ብሎ ያየዋል። ሞተር ሲጠፋበት ሰው የሚያየው ዳሩን ነው፣ ስንት እንደሚርቅ።

ማክሰኞ ማክሰኞ የምትመጣው ነርስ ዛሬም መጣች። "ያ የቤንዚን ሽታ ጠፋላችሁ እኮ፣ ታንኩን አወጣችሁት?" አለች። "የለም፣ እዚያው በሩ ጀርባ ነው፤ ውጪ ካደረማ ሌባ ይወስደዋል" አላት እሱ። እኔ ውሃ ልጥድ ወጣሁ።

ረቡዕ 6

ጠዋት ከታንኩ ጋር አንድ ትንሽ ጉዳይ ነበረኝ። ሳልደርስበት ጠራኝ።

ብገባ ተቀምጧል። ያለ እኔ እጅ፣ ብቻውን፣ እግሩን ወደ መሬት አውርዶ! መነጽሩን አድርጓል። "ሳህኑን አምጪ፣ ጋዜጣም አንጥፊልኝ፣ ዛሬ ከነዳጁ እንጀምራለን" አለኝ። ከታንኩ ትንሽ ቤንዚን በብርጭቆ ቀዳሁ፤ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ ዝቃጩን አየ። ውሃ ቢኖረው ከታች ለብቻው ይቆማል አለኝ። ውሃ የለውም። ከዚያ የሰጠሁትን ምግብ ጨርሶ በላ። ከጨረሰ ስንት ጊዜው ነው?

የታንኩ ጉዳይ ነገ ይደርሳል።

ቅዳሜ 9

ችኮላ ነው። አሥራ አራት ዩኒፎርም ለሰኞ። ፊልትሮውን ፈታን፣ ንጹሕ። ቱቦውን በአፌ ነፋሁበት፣ ክፍት። አፌ ቀኑን ሙሉ ቤንዚን ቤንዚን አለኝ፤ "አሁን ገና ሚስቴ መሰልሽ" አለኝ። ሐይቁ መስታወት ነው። ፉጨት ሁለቴ ማዶ ደርሶ መጣ።

ማክሰኞ 12

ዛሬ ካርቡራተሩን ፈታነው። ፈታሁት ልበል እንጂ፣ የእሱ እጅ ይንቀጠቀጣል። እሱ በቃል፣ እኔ በካቻቪቴ። ጂግለር የሚላትን ቀዳዳዋ የመርፌ ዓይን የማታህል ናስ አውጥቼ በቀጭኗ መርፌዬ ጠረግኳት። "በብረት አይነካም ነበር፣ ቀዳዳው ይሰፋል" አለ፤ ከዚያ እጄን አየና "አንቺ ግን ንኪው" አለ። አንዲት ትንሽ ሽቦ ተፈናጥራ አልጋው ስር ገባች። ተንበርክኬ ስፈልግ ከላይ ሆኖ "ወደ ግራ፣ ወደ ግራ፣ አይ ጀልባው ሰጠመ!" እያለ አሳቀኝ። እሱም ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበትና ጀርባውን ያዝኩት። ጀርባው አጥንት ብቻ ሆኗል።

ከዚያ ስለ ልጁ አወራ። ብዙ ጊዜ እኔ ፊት አያነሳትም። ስድስት ዓመቷ እያለ ታንኩ አጠገብ ተቀምጣ የክዳኑን መተንፈሻ ብሎን ስታሽከረክር ስታሽከረክር ሰበረችው አለ። "ቁጣዬን ፈርታ ብሎኑን ዋጠችው ብላ ጓደኛዋ እያለቀሰች ነገረችኝ። ለካ ካልሲዋ ውስጥ ደብቃው ነው! ከዚያን ቀን ወዲህ ያ ቀዳዳ ተዘግቶ አያውቅም። ስለዚህ ስለ መተንፈሻው አላስብም፣ እሱን ልጄ ለዘላለም ከፍታልኛለች።"

ስቄ ሳህኑን ይዤ ወጣሁ። ወደ ስፌት መኪናዬ ሄጄ አንድ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ። ፈታሁት። እንደገና ገልብጬ ሰፋሁት።

ዓርብ 15

ሁሉም ተገጥሞ ሞከርኩት። ሸምበቆው ጋ ጠፋ።

"ጎማዋስ?"

"ወጥራለች።"

"በቃ ፖምፓው ነው" አለ። ፊቱ ላይ ብስጭት አልነበረም። እንዲያውም እጁን ከእጁ እያሻሸ "ነገ ፖምፓው!" አለ። ከሦስት ወር በፊት ነገ የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም ነበር፤ ይህንንም ልብ ይሏል።

መሳፈሪያው ላይ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። ጀርባዬን ነው የሰጠኋቸው፣ የማልሰማ መስሏቸው። "እንጀራ እናት መቼም ታውቂያለሽ" አለች አንዷ። "ሞተሩ ሳይሆን እሷ ናት የማትነሳው።" ዞሬ ልሰድባቸው ነበር። ምን ያውቃሉ? ሌሊት ሌሊት እግሩን የማሸው ማን ነው? ሽንቱንስ የማስወግደው? ልጅ ተብዬዋ ማዶ ሆና በስድስት ዓመት አንድ ቀን "እንዴት ነህ" ብላለች?

አልተሳደብኩም። ታንኩን ተሸክሜ ወደ ቤት መጣሁ። ከባድ ነው፣ አሥር እርምጃ እየሄድኩ አሳርፈዋለሁ።

ሰኞ 18

ፖምፓው ውስጥ እንደ ጨርቅ የምትርገበገብ ስስ ሽፋን አለች። የእኛ ደርቃ ጠርዟ ተሰነጣጥቋል። ለዚህ ሞተር ዕቃ መሥራት ካቆሙ ዘመን የለውም። ፉጨት ቤንዚን የሚችል ስስ የጎማ ጨርቅ ከየት እንደሆነ እንጃ አግኝቶ አመጣ። እንግዲህ ይህ የእኔ ሥራ ነው፣ ቅድ! አሮጌዋን እንደ ናሙና አስቀምጬ ልቆርጥ ስል "በሳሙናሽ አስምሪባት መጀመሪያ" አለኝ።

ልብስ ሰፊ ሁሉ ሊያልቅ ሊያልቅ ያለ የሳሙና ስንጣሪ ያስቀምጣል፤ ደርቆ ስለት ሲያወጣ ጨርቅ ማስመሪያ ይሆናል። የእኔ በቆርቆሮ ሙሉ ነው። ቆርቆሮውን ከፈትኩ። አንዱን አነሳሁ። እጄ ላይ ያለችውን ሳሙና አየ፣ ከዚያ እኔን አየ፤ ወይ እንዲሁ መስሎኝ ነው። መስመሩ ጠመመብኝ። "ምነው፣ ሃያ ዓመት የሰፋሽ ሴት" አለ። "የዓይኔ ነው" አልኩት። ደምስሼ ደግሜ አሰመርኩ።

ሽፋኗ ልክክ አለች። ግንባሬን ሳመኝ። እኔ ግን ደስ አላለኝም።

ረቡዕ 20

በቃ ልጻፈው። ለሰው ያልነገሩትን ለወረቀት መንገር ምን ዋጋ እንዳለው አላውቅም፤ ግን ሆድ ይፍጀው ብዬ ሆዴ እየፈጀኝ ነው።

የታመመ ሰሞን ታንኩን በሩ ጀርባ አደረግነው። የቤንዚኑ ሽታ ቤቱን ሞላው። እሱ ምንም አላለም፣ የኖረበት ሽታ ነው፤ ግን እያንዳንዷን ትንፋሽ ሲታገላት እሰማ ነበር። ብፈልግ ብፈልግ ሽታው የሚወጣው ከክዳኑ ላይ ካለች ቀዳዳ ነው። ሳሙናን ቤንዚን እንደማይበላው ማንም ያውቃል፣ የሚያንጠባጥብ ነገር ሁሉ በሳሙና ይደፈናል። ከቆርቆሮዬ አንድ ስንጣሪ አውጥቼ፣ በምራቄ አርጥቤ፣ ቀዳዳዋን ደፈንኩ። ሽታው ጠፋ። ያን ቀን እንዴት ደስ ብሎኝ እንደዋለ!

ጎማዋ ወጥራ አልነበረችም። ሆዷ ገብቶ ነበር፣ ሁለቱ ጎኗ እስኪነካካ። ሰኞ ዕለት ዓይኔ እያየ። ምን ማለት እንደሆነ ግን እሱ እስኪነግረኝ አላወቅኩም፣ ይህ እውነቴ ነው። ስለዚያ ጅል ሲያወራ ሳሙናው ትዝ አለኝ፣ አፌም "ወጥራ ነበር" አለ። በማግስቱ በድብቅ ጠርጌ እጨርሳለሁ ብዬ ነበር፣ የአንድ መርፌ ሥራ ነው። በማግስቱ ደግሞ ተቀምጦ አገኘሁት፣ መነጽሩን አድርጎ።

እና ይኸው አሥራ አምስት ቀን፣ ደህናውን ሁሉ እየፈታን እየገጠምን። የሚበላው ለዚህ ነው፣ የሚነቃውም ለዚህ። በስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመን ተቀምጠን አናውቅም። ሞተሩ ተሠርቶ ቢሻገር ምን ይቀረዋል? አይቷት፣ ታርቆ፣ "በቃኝ" ቢልስ?

ለእሱ ብዬ ነው እላለሁ። እንዲህ ብዬ ስጽፈው ግን ራሴም አላመንኩትም። እንቅልፍ ሲያቃዠው የሚጠራው እኔን አይደለም። "ልጄ" ነው የሚለው።

ነገ እጠርገዋለሁ። ነገ እነግረዋለሁ።

ሐሙስ 21

አልነገርኩትም። እንግዳ መጣ።

ቅዳሜ 23

ጎህ ሲቀድ ታንኩን ወደ ጀልባው ወሰድኩት። ሳሙናውን በመርፌ ጫፍ ፈልፍዬ አወጣሁት፣ የማሽላ ፍሬ እንኳ አያክልም። ቀዳዳዋ ትስስ ብላ አየር ሳበች።

ከዚያ ሽማግሌው ሄደ። ሸምበቆውን አለፍኩ። ሁለት ደቂቃ፣ አምስት፣ አሥር። ልጓም እንደፈቱለት ፈረስ። ፊቴን ነፋስ እየመታው ጮክ ብዬ ሳቅኩ። ሳላስበው ከግማሽ በላይ ሄጄ ነበር፤ የማዶው ቤቶች ጣራ ተለይቶ ታየኝ። አንዱ የእሷ ነው። ድምፁን ሰምታ ብትወርድስ? ይህን አስቤው አልነበረም። ነዳጁን ቀነስኩና አዞርኩት።

ቤት ስገባ በመስኮቱ ሲጠብቀኝ ነበር። ከሸምበቆው ወዲያ ከመስኮቱ አይታይም።

"እህስ? ድምፁ ጥሩ ነበር፣ ከዚያ አጣሁት።"

ልነግረው ነበር። አፌን ከፍቻለሁ። "ራቅ ብዬ ጠፋብኝ" አልኩት።

"ጎማዋ?"

"ወጥራ።"

 "እንግዲህ እኔም አላወቅኩትም" አለ። "ሃያ ስምንት ዓመት ሠርቼበት አላወቅኩትም። አርጅቻለሁ።" ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። ዛሬ ራት አልበላም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ 26

ነርሷ ደረቱን አዳመጠችው፣ እግሩን በጣቷ ጫን አደረገችው፤ ጉድጓዱ ሳይሞላ ቆየ። ደጅ ድረስ ሸኘኋት። "የሚፈልገው ሰው ካለ አሁን ይየው" አለችኝ። "አሁን ማለትሽ?" ብላት "አሁን ማለቴ ነዋ" አለችኝ። ክፉ አይደለችም። ያን የሰፋሁላትን የቦርሳዋን ዚፕ እያየች ነበር የምታወራው።

ተመልሼ ገባሁና እጁን ያዝኩት። "ተሠራ" አልኩት። "ጎህ ሲቀድ፣ ተኝተህ ሳለ፣ ሞክሬው መጣሁ። ሽፋኗ መጥበቅ ነበረባት ለካ፣ አንዷን ብሎን ባጠብቃት ሄደ። እስከ መሃል ደርሼ ተመለስኩ፣ አልጠፋም።"

እንባው ዝም ብሎ ወረደ። "የቆረጥሻት ሽፋን?"

"ያሰመርናት።"

ፉጨትን ጥሪልኝ አለ። ፉጨት ሲመጣ "ተኝቼ አስጠገንኩት!" አለው። "እጄ ሞቷል፣ ግን እጅ ተበድሬ ሠራሁት። የዚች እጅ ብር ነው።" ፉጨት አጨበጨበለት። ነገ ጠዋት ሁለታችን አቅፈን ጀልባው ላይ ልናስተኛው፣ ፍራሽ ልናነጥፍለት፣ ተስማማን። ሸሚዙን ተኮስኩ። አንገትጌው በጣም ሰፍቶበታል፣ ቶሎ ብዬ አጠበብኩት።

ረቡዕ 27

ነፋስ።

ሐሙስ 28

ነፋስ። ማዕበሉ መሳፈሪያው ላይ ይወጣል። ሸሚዙን ለብሶ ነው የዋለው። ፉጨት "ነገ ይበርድ ይሆናል" አለ። ይሆናል።

ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። ከ5 እስከ 26 ሃያ ሁለት ቀን ነው። ሃያ ሁለቱም ቀን ሐይቁ ጸጥ ብሎ ነበር።

ቅዳሜ 30

ሲያወራ ድምፁ አይሰማም፣ ጆሮዬን አፉ ላይ አደርጋለሁ። ዛሬ እንዲህ አለኝ፦

"እውነትሽን ወጥራ ነበር?"

ይህች ነበረች ሰዓቷ። ራሱ ከፍቶልኝ ነበር በሩን።

"ወጥራ ነበር" አልኩት።

"እሺ" አለ። አውራ ጣቴን፣ መርፌ የሚወጋኝን ቦታ፣ በጣቱ ቀስ እያለ ያሻሽ ጀመር። እስኪተኛ ድረስ አልተወውም። ያውቅ ነበር? አምላኬ፣ ያውቅ ነበር?

ሰኞ 2

ቀበርነው። አሁን ቤቱ ባዶ ነው። ልጁ እዚያኛው ክፍል ተኝታለች። እስከ መጨረሻው ልጻፈውና ይህን ደብተር እዘጋዋለሁ።

ትናንት እሑድ ሊነጋጋ ሲል ነው ያረፈው። ትራሱን ላስተካክል ቀና ሳደርገው ከበደኝ፣ በዚያ አወቅኩ። ሸሚዙን እንደለበሰ ነው። መስኮቱን ብከፍት ቅጠል አይነቃነቅም፤ ሌሊቱን ነፋሱ ቆሟል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉኛል ከእንግዲህ፣ ይበሉኝ።

ፉጨት እያለቀሰ "እኔ ሄጄ ልንገራት" አለኝ። "አይሆንም፣ እኔ ነኝ የምሄደው" አልኩት። "በየትኛው ጀልባ?" አለኝ።  ታንኩን ተሸክሜ ወረድኩ፣ በዚህኛው ጊዜ ሳላሳርፍ። ሽማግሌው ገና አንዴ ስስበው ተነሳ።

ማዶ ድረስ እንደሚሰማ እንኳን ልብ አላልኩም። የራሴን ሐዘን ተሸክሜ፣ ድምፁ ቀድሞኝ እንደሚደርስ ረስቼ፣ ሙሉ ነዳጅ ሰጥቼው ሄድኩ። ማዶው ሲቀርበኝ አንዲት ሴት ከቤቶቹ መሃል ብቅ አለች። እየሮጠች ነው። አንድ እግሯ ጫማ አለው፣ አንዱ የለውም፤ እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ነው፣ ልብስ እያጠበች ነበር መሰል። ውሃው እስከ ጉልበቷ እስኪደርስ ገባች። እየሳቀች ነበር። ይህን ማየት ባልነበረብኝ። "አባዬ!" አለች፣ "አባዬ!" የጀልባውን ፊት አየች፣ መሃሉን አየች፣ ሸራው ስር አየች። ከዚያ እኔን አየች።

"የታለ?"

ሞተሩን አጠፋሁ። ጥቁር ሻሼን አየች። እዚያው ውሃው ውስጥ ቁጭ አለች። ወርጄ አጠገቧ ቁጭ አልኩ፤ ብትገፋኝም ትግፋኝ ብዬ። አልገፋችኝም።

"ፉጨት ነግሮኝ ነበር" አለች። "'ሞተሩን እያሠራ ነው፣ ሲያልቅለት ይመጣል' አለኝ። መታመሙንም ነግሮኛል፤ ይህን ያህል ግን አላለኝም። ሐይቁ ጸጥ ባለ ቀን ሁሉ ሥራ አልወጣሁም። ከጠዋት ጀምሬ ጆሮዬን ተክዬ እውላለሁ። ቅዳሜ፣ የዛሬ ስምንት ቀን፣ የሰማሁት መሰለኝና ወረድኩ። ከዚያ ድምፁ ራቀ። የልቤ ምኞት ነው ብዬ ተመለስኩ።"

"ለምን አንቺ አልመጣሽም?" አልኳት። ምን ዓይን ኖሮኝ እንደጠየቅኩ አላውቅም።

"ደጄን አትርገጪ ብሎኝ? መጥቶ ይጥራኝ ብዬ ነዋ። ነገ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል እያልኩ።"

ስንመለስ መቀመጫው ሁሉ ባዶ ሆኖ ሳለ ታንኩ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ቦታዋ ነው፣ ከልጅነቷ ጀምሮ። አላለቀሰችም፤ ማልቀሱ ቤት ስንደርስ ነው የመጣው። ከግማሽ መንገድ በኋላ እጇ ክዳኑ ላይ አረፈ። ያቺን ቀዳዳ፣ ብሎኗን የሰበረችባትን፣ በጣቷ ፈለገቻት። ጣቷ ቆመ። በጥፍሯ ከጠርዙ የሆነ ነጭ ነገር ፋቀች፤ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው፤ የራሷን ክንድ፣ የደረቀውን አረፋ አየች። የአባቷ ልጅ ናት፣ ቀስ ብላ ነው የምታስበው።

"ሞተሩ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የቆየው?" አለችኝ።

"ከፍ ሲል ይጠፋ ነበር።"

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ የእሱ ዓይን ነው፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ቀርቤ ስላላየኋት አላውቅም ነበር።

"ሲጠፋ ጎማዋ ወጥራ ነበር ወይስ ሆዷ ገብቶ ነበር?"

የእኛ ዳር ይታየኛል። ቤታችን ይታየኛል፣ መስኮቱ እንደከፈትኩት ነው። አንዲት ቃል ነበረች፣ የለመድኳት፣ ምላሴ ላይ ተዘጋጅታ የቆመች። ለእሱ አራት ጊዜ ብያታለሁ።

"ሆዷ ገብቶ ነበር" አልኳት። "ከመጀመሪያው ቀን።"

 ፊቷን ወደ ውሃው አዞረች። ጣቷን ግን ከቀዳዳዋ ላይ አነሳች፣ ታንኩ አየር እንዲያገኝ። ከዚያ እስከ ዳር ድረስ ሞተሩ አንድም ጊዜ አልጠፋም።